የትርንጎን ጾም እኔ ስጾምላት

ከቤታችን በር ጀርባ በሁለት ሚስማር የተመታ ወረቀት አለ። ጠርዙ ተጠቅልሏል፤ መሀሉ ላይ የተልባ ጠብታ ደርቆበታል። ከላይ በትልቁ «ለረጅም ርቀት ሯጮች የአመጋገብና የልምምድ ምክር» ይላል። ከሥሩ አሥራ ሁለት ምክሮች ተደርድረዋል። አሥራ ሁለቱንም በቃሌ አውቃቸዋለሁ። ውዳሴ ማርያምን በቃሌ ለመያዝ ሁለት ዓመት የፈጀብኝ ሴት ይህን በሦስት ቀን ያዝኩት። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

እኔ ሯጭ አይደለሁም። በዕድሜዬ ከልቤ የሮጥኩት ሁለት ጊዜ ነው። አንዱ ጊደራችን የጎረቤት ገብስ ውስጥ የገባች ቀን፣ ሁለተኛው ምጥ ይዞኝ ጤና ጣቢያው ሊዘጋ ነው የተባልኩ ቀን። ሁለቱንም ጊዜ ደረስኩ፤ ተመስገን።

ሯጯ በሁለተኛው ሩጫ የመጣችው ልጄ ትርንጎ ናት። ጠዋት ጠዋት ከደብረ ታቦር ተነሥታ በገሳይ መንገድ ትወጣና ፀሐይ ሳትሞቅ ትመለሳለች። መጀመሪያ ሰሞን መንገድ ላይ ያገኛት ሁሉ «ልጄ፣ ማን ሞተ?» እያለ ያስቆማት ነበር። በእኛ አገር ሴት ልጅ በዚያ ሰዓት እንዲያ ከሮጠች መርዶ ነው። እሷም ሳትቆም «ማንም አልሞተም፣ እማማ!» ብላ ታልፋለች።

ነገሩ ጨዋታ አልነበረም። በዚያ ዓመት አንድ የሩጫ ክለብ ደብረ ታቦር መጥቶ ማጣሪያ ሊያደርግ ሆነ። ከሴቶቹ የሚወስደው ሦስት ብቻ ነው። ትርንጎ ከሦስቱ ከገባች መኝታና ምግብ ይሰጣታል፤ ሥራዋ ሩጫ ይሆናል፤ በዓል ሲሆን ቤቷ ትመጣለች። ካልገባች ዓረብ አገር ትሄዳለች። ፓስፖርቷ ወጥቶ ሳጥኔ ውስጥ ከአባቷ ፎቶግራፍ ጋር ተቀምጧል። አባቷ ካረፈ ወዲህ ቤቱን የያዝነው እኔና እሷ ነን።

«እማ፣ አንድ ጊዜ ልሞክረው። ካልሆነ እሄዳለሁ» አለችኝ። ትርንጎ አንድ ጊዜ ካለች አንድ ጊዜ ነው።

ሐሙሲት ያለችው የእኅቴ ልጅ ዓረብ አገር ሄዳ ተመልሳለች። ስለኖረችበት ቤት አንድ ቃል ነግራን አታውቅም። ግን ዛሬም በር በተንኳኳ ቁጥር የያዘችውን ጥላ ብድግ ትላለች። እኔ ይህን ካየሁ በኋላ ነው ወረቀቱን በቃሌ የያዝኩት።

ወረቀቱን የጻፈው አሰልጣኟ ነው፤ ቀጭን፣ ትሑት፣ ፊሽካውን ከአንገቱ የማያወልቅ ሰው። አንደኛው ምክር ከልምምድ በፊት ጥቂት መብላት ነው። ሁለተኛው ውኃ በትንሽ በትንሹ፣ ሳይጠማ መጠጣት። ሦስተኛው ልምምዱ ካለቀ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ እንቁላልና ወተት። በሳምንት አንድ ቀን ሙሉ ዕረፍት ይላል፤ በዚህስ ከእግዚአብሔር ጋር ተስማምቷል ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር፣ የእሱ ቀን ሐሙስ ሆኖ አገኘሁት እንጂ። ሰባተኛው ደግሞ «ቀን ቀን አንድ ሰዓት ይተኛል» ይላል።

ጣጣው የጀመረው ከዚህ ከሰባተኛው ነው።

በእኛ ሰፈር ቀን የሚተኛ ወይ በሽተኛ ነው ወይ ድመት። ትርንጎ በተኛች በሦስተኛው ቀን ጎረቤቴ ዘርፌ የጣራ ገዳም ጠበል በጠርሙስ ይዛ ከተፍ አለች።

«ምኗን ነው የሚያማት?»

«ምንም አላመማትም፤ ተኝታ ነው።»

«በጠራራ ፀሐይ?»

«አሰልጣኟ አዝዟት ነው።»

ዘርፌ ጠርሙሱን አስቀመጠች፤ ጫማዋን አወለቀች፤ ተቀመጠች። እሷ ጫማ ካወለቀች ቶሎ አትሄድም። ትርንጎ ከመኝታዋ ተነሥታ ዐይኗን እያሸች ስትወጣ ዘርፌ ከእግር እስከ ራሷ አየቻትና «ወፍረሻል» አለች። ልጄ እንደ ሸምበቆ ናት፤ የት ጋ እንዳየችው እንጃ። የመጣው ጠበል ግን አልባከነም። እኔ ጠጣሁት።

እንዲህ እያልን ሳለ ዐቢይ ጾም ገባ። እንቁላሉና ወተቱ በጾሙ ወደቁ፤ በእነሱ ፈንታ ምስርና ሽምብራ፣ ተልባና ሱፍ ገቡ። በዚህ ከአሰልጣኙ ጋር አልተጣላንም። የተጣላነው በሰዓቱ ነው። እኔ በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልቀምስም። ትርንጎ እስከ ስድስት ትጾማለች፤ ማንም ሳያዛት፣ ከልጅነቷ ጀምሮ። በባዶ ሆዷ ገሳይ መንገድ ወጥታ፣ ተመልሳ፣ ስድስት ሰዓት እስኪሞላ ግድግዳ ተደግፋ ትጠብቃለች። እኔም እያየሁ ልጄ ጠንካራ ናት እል ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት በባጃጅ አመጧት። አቀበቱ ላይ ወድቃ ነው። ጉልበቷ ተገሽልጧል፤ ከንፈሯ አመድ መስሏል። አሰልጣኙ ከኋላ ተከትሎ ገባ።

«እናቴ፣ ይቺ ልጅ ጠዋት ምን በልታ ነው የምትወጣው?»

«ጾም ነው እኮ፣ ልጄ።»

«አውቃለሁ። ሥጋ አላልኩም፤ ወተት አላልኩም። አንድ ኩባያ በሶ። ወይ ሁለት ድንች። ቤታችሁ ሞልቷል።»

«በስንት ሰዓት?»

«ንጋት አሥራ አንድ ላይ።»

«በዐቢይ ጾም? ቅዳሴ ሳይገባ?»

«እናቴ፣ እኔም ክርስቲያን ነኝ።»

እግዜር ይወቅልህ አልኩ በሆዴ። እሱ ግን ከመውጣቱ በፊት በሩ ጋ ቆመና ቀስ ብሎ ነገረኝ። «እንዲህ ሆና ማጣሪያው ላይ ከቆመች ከሦስቱ አትገባም። ይህን ይወቁት።»

በማግስቱ ወደ ንስሐ አባታችን ወደ መምሬ ታምሩ ሄድኩ። ጉልበት ስሜ፣ «ይፍቱኝ አባቴ» ብዬ ሁሉንም ነገርኳቸው። ወረቀቱንም ከበሩ ነቅዬ ይዤ ነበር። መነጽራቸውን አድርገው እስከ አሥራ ሁለተኛው አነበቡት።

«ደኅና አድርጎ ጽፎታል» አሉ። «ይሄ ስለ ውኃው ያለው ለእኔም ይሆነኛል። ልጂቱ ትብላ። የጾሙን ምግብ ትብላ፤ ሰዓቱን ፈትቼላታለሁ። እንጀራዋን ልትፈልግ ነው የምትሮጠው። አንቺ ጸልዪላት።»

ሌላ ሰው ቢሆን አመስግኖ፣ ቤቱ ገብቶ በሶ ይፈጫል። እኔም አመሰገንኩ። ግን ከቤተ ክርስቲያን እስከ ቤቴ ባለው መንገድ አንድ ሐሳብ ገባኝ። የተፈታው ሰዓት የት ይሄዳል? ትርንጎ ስትበላ ያ ጾም ባዶውን ይቀራል። ባዶ ከሚቀር እኔ ብይዘውስ? አባቴን ተመልሼ ብጠይቃቸው በአንድ ቃል ይመልሱኝ ነበር። አልተመለስኩም። የሚሉኝን ስለማውቅ ይመስለኛል።

ሒሳቡን መንገድ ላይ ጨረስኩት። የእኔ ዘጠኝ፣ የእሷ ስድስት፣ አሥራ አምስት። በእኛ ሰዓት አሥራ አምስት የሚባል ስለሌለ ከራሴ ጋር በአሥራ ሁለት ተስማማሁ። ፀሐይ ስትጠልቅ እበላለሁ። ለማንም አልነገርኩም፤ ጾም በአደባባይ አይወራም።

ከዚያ ወዲያ በየንጋቱ እየተነሣሁ በሶዋን በገዛ እጄ እበጠብጥላታለሁ፤ ጨው ጣል አድርጌ። ድንቿን እልጥላታለሁ። ተመልሳ ስትመጣ ምስሯን አቀርባለሁ። የተቆላ ገብስ ሽታ እንዲህ ሰው እንደሚፈትን አላውቅም ነበር። አንድ ቀን ኩባያውን ሳጥብ ጣቴን ልስ ልል ስል ራሴን ያዝኩት። በዚያ ጥፋት አርባ ስግደት ሰገድኩ። ሠላሳ ስምንተኛው ላይ ወለሉ ደስ አለኝና ትንሽ ቆየሁበት።

ትርንጎ ፊቷ በራ። ገሳይ መንገድን ስትመለስ እንኳ የምትዘፍን ሆነች። አሰልጣኙ ሰዓቱን እያየ ራሱን ይነቀንቃል፤ ደስ ሲለው እንዲህ ነው። እኔ ቀሚሴ ሰፋኝ። መቀነቴን አንድ ዙር ጨምሬ ታጠቅሁ።

ዘርፌ ግን ዐይን አላት። በዐቢይ ጾም ንጋት ላይ ቤታችን ጭስ ሲጨስ አየች፤ ልጂቱ ስትበላ አየች፤ ቀን ስትተኛ አየች፤ እኔ ስከሳ አየች። ደመረችው። አንድ ቀን መጣችና ጫማዋን አወለቀች።

«እኔ ባዳ አይደለሁም» አለችኝ። «የስንት ወር ናት?»

«ማን?»

«አንቺ ደግሞ! ይኸው አንቺን በሐዘን አመነመነችሽ።»

ምን ብል ትመለሳለች? ጾሙን እንዳልነግራት የምስጢር ነው፤ ዝም ብል ማመኔ ነው። ዝም አልኩ። በዚያው ሳምንት የማኅበሬ ሴቶች ሦስት ሆነው መጥተው አጽናኑኝ። አንዷ «ልጅ በረከት ነው» አለችኝ። አሜን አልኩ፤ ምን ልበል?

ትርንጎ በሰማች ጊዜ ሆዷን ይዛ ሳቀች። «እማ፣ እርጉዝ ሆኜ ነው አሥር ሺህ ሜትር የምሮጠው?» አለች። ቀጥላ ግን ሳቋን አቁማ አየችኝ። ክንዴን ያዘችኝ፤ ጣቷ ዞሮ ገጠመ።

«እማ፣ በልተሻል?»

«በልቻለሁ» አልኳት።

ውሸት አልነበረም፤ ትናንት በልቼ ነበር። እንዲህ ብዬ ለራሴ አስረዳሁ።

የማጣሪያው ቀን ዓርብ ሆነ። ወረቀቱ አሥራ አንደኛው ላይ «ከውድድር በፊት ባሉት ሦስት ቀናት ምግብ ይጨመራል» ይላል። ጨመርኩላት። ድንች፣ ገብስ፣ ማር በዳቦ። እኔ ደግሞ እሷ በጨመረችው ልክ ቀነስኩ። ማክሰኞ ማታ ግማሽ እንጀራ፣ ረቡዕ ማታ ሩብ። ሐሙስ ማታ ዘለልኩት። ሰው አክፍሎት የሚያከፍለው በሰሙነ ሕማማት ነው፤ እኔ ያለ ቀኑ ለልጄ አከፈልኩ።

ዓርብ ጠዋት ሜዳው ዳር ቆምኩ። ነጭ ነጠላዬን ለብሼ፣ መቁጠሪያዬን ይዤ። መቁጠሪያዬ ስድሳ አራት ፍሬ አላት፤ ለአሥር ሺህ ሜትር ሃያ አምስቱ ይበቃሉ። ትርንጎ ባጠገቤ ባለፈች ቁጥር አንድ ፍሬ፣ አንድ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ»። ዘርፌ ቆሎዋን ቋጥራ ከጎኔ ቆማለች።

አምስተኛው ፍሬ ላይ ትርንጎ ከኋላ ነበረች። አሥረኛው ላይ ስድስተኛ። አሥራ አምስተኛው ላይ አራተኛ። አትቸኩልም፤ ስታልፈኝ ከትንፋሿ በቀር ድምፅ የላትም። ዘርፌ ግን «ቀስ በይ! ኧረ ሆድሽን!» እያለች ትጮኻለች። ሰዉ ዞሮ ያየናል። አሥራ ስምንተኛው ላይ ሁለተኛ ሆነች። አሰልጣኙ ከማዶ ራሱን ነቀነቀ፤ አሁንም ነቀነቀ።

ሃያኛውን ፍሬ ያዝኩ። «እግዚኦ» አልኩ። የጉና ተራራ ከቦታው ተነሥቶ ወደ እኔ መጣ።

ከዚያ የማውቀው አፌ ውስጥ የጣፈጠኝን ነው። ጨውም ስኳርም ያለበት ውኃ። የትርንጎ ነው፤ ለውድድሩ ራሷ የበጠበጠችው። ዐይኔን ስገልጥ ፊቷ ከፊቴ በላይ ነበር፤ ላቧ ግንባሬ ላይ ይንጠባጠባል።

«ሂጂ» አልኳት። «አምስት ዙር ቀርቶሻል። ሩጪ!»

«እማ፣ መቼ ነው የበላሽው?»

«ሂጂ እልሻለሁ!»

«መቼ ነው የበላሽው?»

ባጠገባችን እግር አለፈ። ሌላ እግር አለፈ። መሬት ላይ ተኝቼ ሁሉንም እሰማቸው ነበር፤ ጠብ ጠብ፣ ጠብ ጠብ። አሰልጣኙ ከማዶ «ትርንጎ! ግቢ! ግቢ!» ይላል። አልገባችም። ራሴን ጭኗ ላይ አደረገች።

«ረቡዕ» አልኳት።

«ለምን?»

«ጾም ነው።»

«የማን ጾም?»

መዋሸት አልቻልኩም፤ የገዛ ውኃዋ አፌ ውስጥ ነበር። «ያንቺ» አልኩ።

እንደገና አጠጣችኝ። ዘርፌ ቆሎው ከእጇ ተበተነ። «እኔ ደግሞ በየቀኑ እያየሁሽ… ምን ያለሁ ደደብ ነኝ!» ብላ ማልቀስ ጀመረች። ያን ቀን ከማንም ቀድማ የተቀየመችው ራሷን ነው። ይቅር ብያታለሁ፤ እሷም እኔን።

አሰልጣኙ እየሮጠ መጣ። ሊቆጣ ነበር የመጣው። ተንበርክኮ እጄን ያዘ፤ ክንዴን አየ። ፊሽካውን ከአንገቱ አወለቀና ኪሱ ከተተው።

«እናቴ» አለ፣ «ምክሩን ለእሷ ብቻ ነው የጻፍኩት። ለእርስዎም መጻፍ ነበረብኝ።»

ክለቡ ሦስቱን ወሰደ። ከመሮጫው መም የወጣ ሯጭ አይቆጠርም፤ ሕጋቸው ነው፤ አልፈርድባቸውም። ሦስተኛ የወጣችው ልጅ እስከ ሃያኛው ዙር ከትርንጎ ኋላ የነበረች ናት። እናቷ ሜዳው ላይ እልል ስትል ሰማኋት። ደስ ይበላት፤ እሷም እንደ እኔ ጠዋት ጠዋት ስትነሣ ከርማለች።

በባጃጅ ስንመለስ ትርንጎ አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይቀለኝ ነበር። የነጠላዬን ጫፍ በጣቷ ጠቅልላ፣ ፈትታ፣ ጠቅልላ፣ «ለምን አልነገርሽኝም፣ እማ?» አለች።

«ጾም አይነገርም።»

«እሺ» አለች። ልጄ ከተናደደችም፣ ካዘነችም፣ ከተስማማችም አንድ ቃል ነው ያላት።

ለፋሲካ እንቁላል ቀቀልኩላት፤ ወረቀቱ እንደሚለው ሁለት። አንዱን ልጣ ለእኔ ሰጠችኝ። ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ሳጥኑን ከፍቼ ፓስፖርቷን አወጣሁ። የአባቷ ፎቶግራፍ ተጣብቆበት ነበር፤ ቀስ ብዬ አላቀቅሁት።

የሄደች ሰሞን ለመምሬ ታምሩ ተናዘዝኩ። መጀመሪያ ሳቁ። ቀጥለው መነጽራቸውን አወለቁ፤ ብዙ ጊዜ ወሰደባቸው።

«እኔ ጸልዪላት ነው ያልኩሽ።»

«ሁለቱንም ብዬ ነው፣ አባቴ።»

«ያልታዘዘ ጾም፣ የተደበቀ ረኃብ፣ ለልጅ የተነገረ ውሸት» አሉ በጣታቸው እየቆጠሩ። «ቀኖናሽን ስሚ። ከእንግዲህ አንቺም በስድስት ሰዓት ትበያለሽ፤ በዐቢይ ጾምም ጭምር። በፍስክ ደግሞ ጠዋት ትበያለሽ። ጠግበሽ።»

ሌላው ሰው ቀኖና ሲሰጠው ይሰግዳል። እኔ ቁርስ ታዘዝኩ። እውነቱን ልናገር፣ እንደዚያ የከበደኝ ቀኖና የለም። ግን እፈጽማለሁ። ንጋት ላይ አንድ ኩባያ በሶ፣ ጨው ጣል ተደርጎበት። ውኃም በትንሽ በትንሹ፣ ሳይጠማኝ። ዘርፌ ቀን ቀን ሳይቀር ታስተኛኛለች፤ በሩ ላይ ቁጭ ብላ የሚመጣውን ሁሉ «ዝም በሉ፤ በልምምድ ላይ ናት» ትላለች። ሰውነቴ ተመልሷል፤ ተመስገን። ጎረቤት ሰጥቶኛል፤ አባት ሰጥቶኛል፤ ስልክ የምትደውል ልጅ ሰጥቶኛል።

የምትደውለው ዓርብ ዓርብ ነው። ቤቱ አራት ፎቅ ነው አለችኝ። «ደረጃውን እሮጠዋለሁ፣ እማ። ልምምድ ነው» ትላለች፤ እኔን ልታስቅ ነው፤ እስቃለሁ። ወረቀቱን ከበሩ ጀርባ ቆሜ አነብላታለሁ። ከሥራ በፊት ጥቂት ብዪ። ውኃ ሳይጠማሽ ጠጪ። ቀን አንድ ሰዓት ተኚ። ሰባተኛው ላይ ስደርስ ዝም ትላለች። እኔም ወደ ስምንተኛው አልፋለሁ።

ስልኩ ሊዘጋ ሲል ሁልጊዜ አንድ ነገር እንጠያየቃለን።

«እማ፣ በልተሻል?»

«በልቻለሁ። አንቺስ?»

«በልቻለሁ» ትለኛለች።

እኔስ እውነቴን ነው።